ስማችንን የተሸከመው ማን ነው? የልደት ድንጋይ ታሪክና የሊቀ ካህናቱ ደረት



በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ጌጣጌጥ ቤት ገብታችሁ ቀለበት ወይም የአንገት ሐብል ስትጠይቁ «የተወለድሽው በየትኛው ወር ነው?» ተብላችሁ ይሆናል። በጃንዋሪ ለተወለደ ጋርኔት፣ በሜይ ለተወለደ ኤመራልድ፣ በሴፕቴምበር ለተወለደ ሰንፔር፣ በኦክቶበር ለተወለደ ኦፓል እየተባለ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዕንቁ ተመድቧል። በአሜሪካ ልጆች ትምህርት ሲጨርሱ የሚያደርጉት ቀለበትም ብዙ ጊዜ ይህ ድንጋይ አለበት። ከዕንቁው ጋር ደግሞ ትንሽ ካርድ ይሰጣል። ካርዱ ድንጋዩ ዕድል እንደሚያመጣ፣ ከክፉ እንደሚጠብቅ፣ ፍቅርን እንደሚያጸና ይናገራል።

አንድ አማኝ ይህን ሲጠራጠር «ችግር የለውም፣ ነገሩ ከመጽሐፍ ቅዱስ የመጣ ነው» የሚል መልስ ሊሰማ ይችላል። እውነት ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው የመጣው? መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ብለን የምናልፈው አይደለም። ጅማሬው በእርግጥ በእግዚአብሔር ቃል ውስጥ ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ጠፍቷል። የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ታሪኩን ተከትለን እንይ።

ጅማሬው፦ አሥራ ሁለት ስሞች በአንድ ደረት ላይ

ዘጸአት ምዕራፍ 28ን ስናነብ እግዚአብሔር ለሙሴ የሊቀ ካህናቱ ልብስ እንዴት እንደሚሠራ ሲነግረው እናገኛለን። ከወርቅ፣ ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊና ከቀይ ግምጃ እንዲሁም ከጥሩ በፍታ የሚሠራ የደረት ኪስ ነበር። ተደርቦ የሚታጠፍ፣ ቁመቱና ወርዱ አንድ አንድ ስንዝር የሆነ አራት ማዕዘን ነው። በላዩ ላይ በአራት ተራ፣ በእያንዳንዱ ተራ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው አሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ይቀመጣሉ። ምዕራፍ 39 ደግሞ ሥራው በታዘዘው መሠረት እንደተፈጸመ ይነግረናል።

በእነዚህ ድንጋዮች ላይ የተቀረጸው ምንድን ነው? የወር ስም አይደለም፤ የኮከብ ስምም አይደለም። እንደ ማኅተም ተቀርጾ የነበረው የእስራኤል ልጆች ስም ነው። አሮን ወደ መቅደስ ሲገባ እነዚያን ስሞች በልቡ ላይ ተሸክሞ በእግዚአብሔር ፊት መታሰቢያ አድርጎ ያቀርባቸዋል (ዘጸ. 28፥29)። የደረት ኪሱ በወርቅ ድሪና በሰማያዊ ፈትል ከኤፉዱ ጋር የታሰረው ደግሞ ከቦታው እንዳይለይ ነው (28፥28)። ካህኑ ቢጎነበስም፣ ቢነሣም፣ ቢራመድም ስሞቹ ከልቡ ላይ አይወርዱም።

ወገኖች፣ እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን እናስተውል።

አንደኛ፣ ድንጋዮቹን የለበሰው ሰው ለራሱ ጥቅም አልለበሳቸውም። አሮን ዕድሉ እንዲቃና ወይም በሽታ እንዳይነካው ብሎ አላደረጋቸውም። የለበሰው ስለ ሌሎች ነው።

ሁለተኛ፣ አሥራ ሁለቱም አብረው ናቸው። የያዕቆብን ልጆች ታሪክ እናውቃለን። ሮቤል የአባቱን መኝታ አርክሷል። ስምዖንና ሌዊ በሴኬም ደም አፍስሰዋል። ወንድሞቹ ዮሴፍን ሸጠውታል፤ ይሁዳም ለመሸጡ ሐሳብ ያቀረበው ነው። ሆኖም የሻጮቹም የተሸጠውም ስም በአንድ ደረት ላይ፣ በአንድ ዓይነት የወርቅ ፈርጥ ውስጥ ተቀምጧል። «ይህኛው ስም ያሳፍራልና ይውጣ» አልተባለም።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው። ሊቀ ካህናቱ በደረቱ ላይ ካሉት ሌላ በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ሁለት ድንጋዮች ነበሩት። በአንዱ ስድስት ስም፣ በሌላው ስድስት ስም ተቀርጿል። ቅደም ተከተሉ ታዲያ በምን ነበር? እንደ አወላለዳቸው ነው (28፥10)። እንግዲህ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ «የልደት ድንጋይ» ልንለው የምንችል ነገር ካለ ይህ ብቻ ነው። ልደታቸው የተቆጠረው ግን ዕጣ ፈንታቸው እንዲነበብበት አልነበረም። በካህኑ ትከሻ ላይ ሆነው በእግዚአብሔር ፊት እንዲታሰቡ ነው።

ስሞቹ በከዋክብት ሲተኩ

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንዴት ተለወጠ? በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖሩ ሁለት አይሁዳውያን ጸሐፊዎችን መጥቀስ ያስፈልጋል። አንዱ የእስክንድርያው ፊሎ ነው፤ ሁለተኛው የኢየሩሳሌምን መፍረስ የጻፈው ፍላቪዩስ ዮሴፈስ ነው። ፊሎ አሥራ ሁለቱን ድንጋዮች ግሪኮች ከሚቆጥሯቸው አሥራ ሁለቱ የከዋክብት ክፍሎች ጋር አያይዟቸዋል። ዮሴፈስም ስለ አይሁድ ጥንታዊ ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ ድንጋዮቹ የዓመቱን ወራት ወይም እነዚያኑ የከዋክብት ክፍሎች ያመለክታሉ ብሎ መረዳት እንደሚቻል ጽፏል።

እነዚህ ሰዎች ሕዝቡን «የወራችሁን ድንጋይ ገዝታችሁ እሰሩ» አላሉም። የሊቀ ካህናቱ ልብስ የመላውን ፍጥረት ምሳሌ እንደያዘ በግሪክ ባህል ላደጉ አንባቢዎች ለማስረዳት የፈለጉ ይመስላል። ይሁን እንጂ በር ተከፈተ። ዘጸአት ያልተናገረው ወር በድንጋዩ ላይ ተጻፈ፤ ዘጸአት የተናገረው ስም ግን እየደበዘዘ ሄደ።

ክርስቲያኖች በበኩላቸው ወደ ዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ዞሩ። በዚያ ምዕራፍ የአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ቅጥር አሥራ ሁለት መሠረቶች አሉት፤ በእነርሱም ላይ የአሥራ ሁለቱ የበጉ ሐዋርያት ስሞች ተጽፈዋል። መሠረቶቹ ከኢያስጲድ እስከ አሜቴስጢኖስ በከበሩ ድንጋዮች ያጌጡ ናቸው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ገደማ የቂሣርያው ኤጲስ ቆጶስ እንድርያስ ራእይን ሲተረጉም ድንጋዮቹን ከሐዋርያቱና ከመንፈሳዊ ባሕርያቸው ጋር አዛምዷቸዋል። ይህ ቢያንስ አሁንም ስምን የያዘ አተረጓጎም ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ግን በፈረንሳይ የሬን ከተማ ጳጳስ የሆነው ማርቦድ ስለ ድንጋዮች ኃይል በግጥም መጽሐፍ ጻፈ። የትኛው ድንጋይ ምን በሽታ እንደሚፈውስና ከምን እንደሚጠብቅ የሚተርክ ነው፤ በመላው አውሮፓም ብዙ ተነብቧል። ድንጋይ መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒትና ክታብ ወደ መሆን ተሻገረ ማለት ነው።

ከአሥራ ሁለት ወደ አንድ

በአውሮፓ ቆይቶ አንድ ልማድ ተፈጠረ። አቅም ያለው ሰው አሥራ ሁለቱንም ድንጋዮች ይይዝና በየወሩ አንዱን እያፈራረቀ ያደርግ ነበር። የድንጋዩ ኃይል በወሩ ይበረታል ተብሎ ይታመን ነበርና። በኋላ ደግሞ ይህም ቀርቶ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የልደት ወር ድንጋይ ብቻ ይዞ መኖር ጀመረ። የቲፋኒ ጌጣጌጥ ቤት ባለሙያ የነበረው ጆርጅ ፍሬድሪክ ኩንዝ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው መጽሐፍ የዚህን ልማድ ጅማሬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፖላንድ ላይ ያደርገዋል። ጅማሬውን ቀደም አድርገው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን የሚያገኙትም አሉ። በየትኛውም አቆጣጠር ግን አንድን የልደት ድንጋይ ብቻ ማድረግ የጥቂት መቶ ዓመታት ልማድ ነው፤ ከሙሴ ዘመን የወረደ አይደለም።

የዛሬው ዝርዝር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1912 የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ካንሳስ ውስጥ ተሰብስቦ ለየወሩ የሚሆነውን ድንጋይ ወሰነ። ከዚያ በፊት ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለነበር ለንግድ አይመችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 የብሪታንያ ወርቅ አንጥረኞች ማኅበር የራሱን ዝርዝር አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 የአሜሪካው ዝርዝር ተሻሽሎ ለጁን አሌክሳንድራይት፣ ለኖቬምበር ሲትሪን ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ታንዛናይት ለዲሴምበር፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ስፒነል ለኦገስት ተጨመሩ።

ታንዛናይትን ብቻ እንመልከት። ይህ ሰማያዊ ድንጋይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 ታንዛኒያ ውስጥ ሲገኝ ነው። በዲሴምበር የተወለደ ሰው ዕድሉና ጥበቃው በዚህ ድንጋይ ውስጥ ከሆነ ከዚያ በፊት በዲሴምበር የተወለዱት ሁሉ ያለ ጠባቂ ኖረው አለፉ ማለት ነው? ዕጣ ፈንታችን በነጋዴዎች ስብሰባ ድምፅ ይሻሻላል? ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን መሸጣቸው ጥፋት አይደለም፤ ሥራቸው ነው። እኛ ግን የሽያጭ ዝርዝርን እንደ ሰማያዊ ትእዛዝ ከተቀበልን ጥፋቱ የእኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዛሬዎቹ ድንጋዮች ከአሮን ደረት ድንጋዮች ጋር በስም ቢመሳሰሉም አንድ መሆናቸው እርግጥ አይደለም። ጥንት «ሰንፔር» ይባል የነበረው ዛሬ ላፒስ ላዙሊ የምንለው ሰማያዊ ድንጋይ ሳይሆን አይቀርም። ግሪኮች «ቶጳዝዮን» የሚሉት ድንጋይ በቀይ ባሕር ካለች ደሴት ይወጣ የነበረው የዛሬው አረንጓዴ ፔሪዶት እንደሆነ ይታመናል። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን በሁለተኛው ተራ «አልማዝ» የሚል ስም እናነባለን። አልማዝ ግን እጅግ ጠንካራ ስለሆነ በዚያ ዘመን መሣሪያ ስም ሊቀረጽበት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ሌላ ድንጋይ እንደነበረ ያስባሉ። የድንጋዮቹ ማንነት በዘመናት ውስጥ አጠያያቂ ሆኗል። በላያቸው የተቀረጹትን ስሞች ግን እስከ ዛሬ ሕፃናት ሳይቀሩ በሰንበት ትምህርት ቤት ይቆጥሯቸዋል። ይህ ራሱ ትምህርት አይደለምን?

ኦፓል የሚያስተምረን

የኦክቶበር ድንጋይ የሆነው ኦፓል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወሎ፣ ደላንታ ወረዳ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ዛሬ በዓለም ገበያ «የወሎ ኦፓል» ተብሎ ይታወቃል። የአካባቢው ሰዎች ከገደል አፋፍ ላይ በእጅ መሣሪያ ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡታል።

በአውሮፓ ግን ኦፓል ለረጅም ጊዜ የመጥፎ ዕድል ድንጋይ ተብሎ ተፈርቷል። ለዚህ ምክንያት ተብሎ የሚጠቀሰው አንድ ልብ ወለድ ነው። ሰር ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1829 ባሳተመው «አን ኦፍ ጋይርስታይን» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ኦፓል በፀጉሯ ላይ የምታደርግ ሴት አለች። የተባረከ ውሃ ጠብ ሲልበት ዕንቁው ብርሃኑን ያጣል፤ ሴቲቱም ብዙ ሳትቆይ ትጠፋለች። አንባቢዎች ይህን ሲያነቡ ደነገጡ፤ የኦፓል ገበያም ተጎዳ። በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ኦፓልን ወድዳ ስታደርግና ለልጆቿ ስትሰጥ፣ ከአውስትራሊያም ብዙ ኦፓል ሲመጣ ፍርሃቱ ቀስ በቀስ ቀነሰ። የተፈራው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1912 ዝርዝር ውስጥ የዕድል ድንጋይ ሆኖ ገባ።

የሚገርመው የወሎ ኦፓል ጠባይ ነው። ውሃ ውስጥ ሲነከር ውሃውን ይመጣል፤ የቀለሙ ጨዋታ ጠፍቶ እንደ መስታወት ያስተላልፋል። ሲደርቅ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል። በልብ ወለዱ ውስጥ የሰው ሕይወት ማለፊያ ምልክት የሆነው ነገር በደላንታ ድንጋይ ላይ ማንም ሊያየው የሚችል ተፈጥሮ ነው። ድንጋዩ የሚያውቀው ምሥጢር የለም። ፈጣሪው እንዳደረገው ሆኖ ውሃ ይጠጣል፣ ይደርቃል።

እኛ ጋስ?

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ብለን እንዳናልፈው። በአገራችንም «ኮከብህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ የቆየ ነው። በአውደ ነገሥት የሚቆጥሩ ሰዎች የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጠው ይደምራሉ፤ ለአሥራ ሁለት ይገድፉና ቀሪውን ይዘው ኮከቡን ይነግሩታል። ማንን እንደሚያገባ፣ በየትኛው ወር እንደሚታመም፣ ምን እንደሚያስር ከዚያ ይወጣል። ድንጋይና ክታብ መልካቸው ይለያያል እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ሁለቱም ለነገ ያለንን ፍርሃት ተጠቅመው ልባችንን ከእግዚአብሔር ያርቁታል።

የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ነገር ግልጽ ነው። ዘዳግም 18 ሟርትንና አስማትን ይከለክላል። ኤርምያስ 10፥2 አሕዛብ ከሚፈሩት የሰማይ ምልክት እንዳንፈራ ያዝዛል። ኢሳይያስ 47፥13 ደግሞ ከዋክብትን ተመልክተው በየመባቻው የሚመጣውን ነገር የሚናገሩትን ይጠቅስና እስቲ ያድኑሽ ብሎ ባቢሎንን ይሞግታታል። በየወሩ ዕድል ማደል ያኔም ነበር ማለት ነው። ማዳን ግን አልቻለም።

ደግሞስ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ራሱ ነገሩን ይመሰክርበታል። ጥቅምት 20 የተወለደ ልጅ በፈረንጆች ኦክቶበር ላይ ስለሚውል ኦፓል ይደርሰዋል፤ ጥቅምት 25 የተወለደች እኅቱ ኖቬምበር ላይ ትውልና ቶጳዝ ይደርሳታል። ወሩ ያው ጥቅምት ነው፤ አበባው ያው አበባ ነው። የልደት ቀናቸውን በውል የማያውቁ እናቶቻችንና አባቶቻችንስ? «የዘመቻው ጊዜ ነው»፣ «መኸር ሲገባ ነው» ተብለው ያደጉትስ? ድንጋይ የላቸውም ማለት ነው። ነገር ግን መዝሙር 139፥16 እንደሚነግረን አንድም ቀን ሳይኖር ቀኖቻቸው ሁሉ በእግዚአብሔር መጽሐፍ ተጽፈዋል። እማማ የተወለዱበትን ቀን ባያውቁት እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ታዲያ ቀለበቱን ልጣለው?

ይህን የምትጠይቅ እኅት ትኖራለች። ባለቤቷ ወይም ልጆቿ በፍቅር የሰጧት ስጦታ ይሆናል። እኅቴ ሆይ፣ ድንጋዩ በራሱ ርኩስ አይደለም። የከበረ ድንጋይ ከኤደን ታሪክ ጀምሮ (ዘፍ. 2፥12) እስከ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም ድረስ የእግዚአብሔር ፍጥረት ሆኖ ይታያል። ውበቱን አይተሽ ፈጣሪውን ብታመሰግኚ መልካም ነው። ልብሽን ግን ፈትኚው። ቀለበቱ ቢጠፋብሽ የምታዝኚው ስጦታ ስለጠፋ ነው ወይስ «ጥበቃዬ ተነሣ» ብለሽ? ሕመም ሲመጣ እጅሽ ወደ ምን ይሄዳል? ቀለበቱ ፍርሃትሽን የምታስታግሽበት ነገር ከሆነ ከጣትሽ ይልቅ ልብሽን ይዞታልና አውልቂው። ልክ እንደ ክታብ ቁጠሪው።

አንዳንድ እናቶች ደግሞ የልጆቻቸው ሁሉ የልደት ወር ድንጋይ በአንድነት ያለበት ቀለበት ያደርጋሉ። ከልማዱ ሁሉ ለዘጸአት 28 የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እናቲቱ የተሸከመችው የራሷን ዕድል ሳይሆን የልጆቿን ስም ነው። እንዲህ ያለ ቀለበት ካለሽ በእያንዳንዱ ድንጋይ የአንዱን ልጅሽን ስም ጠርተሽ ጸልዪ። ታዛዡንም፣ ከቤት የራቀውንም፣ ስልክ የማያነሣውንም ጥሪ። አሮን ሮቤልን ከደረቱ አላወጣውምና።

የእኛ ሊቀ ካህን

አሁን ወደ ጠፋው ነገር እንመለስ። በዘመናት ጉዞ ስሙ በወር ተተካ፤ አሥራ ሁለቱ ወደ አንድ ወረዱ። ከሁሉም በላይ ግን ተሸካሚው ተለወጠ። በዘጸአት ሕዝቡ ምንም አላሰረም። ሸማኔውም፣ እረኛውም፣ መበለቲቱም በድንኳናቸው ሳሉ ስማቸውን ካህኑ ተሸክሞት ይገባ ነበር። በልደት ድንጋይ ልማድ ግን ሰው ድንጋዩን ራሱ ይሸከማል፤ ስለ እርሱ የሚገባለት ካህን የለም። ብቻውን ነው።

ወንጌል ይህን ብቸኝነት ይሽራል። የዕብራውያን ጸሐፊ እንደሚያስተምረን ኢየሱስ በእጅ ወደተሠራች መቅደስ ሳይሆን ስለ እኛ በእግዚአብሔር ፊት ሊታይ ወደ ሰማይ ገባ (9፥24)፤ ስለ እኛም ሊያማልድ ዘወትር በሕይወት ይኖራል (7፥25)። አሮን ሞተና ልብሱን ልጁ አልዓዛር ለበሰው። የኢየሱስን ልብስ ግን ከእርሱ የሚወርሰው የለም፤ አይሞትምና። ኢሳይያስ 49፥16 የእግዚአብሔር ሕዝብ በእጁ መዳፍ ላይ እንደተቀረጸ ይነግረናል። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም ክቡር ነው፤ የተወጉ እጆች የያዙት ስም ግን እጅግ ይበልጣል።

የመጨረሻውን ድንጋይ ደግሞ እንጠብቃለን። ለድል ነሺው ነጭ ድንጋይ፣ በላዩም አዲስ ስም እንደሚሰጠው ጌታ ተናግሯል (ራእ. 2፥17)። ይህ ድንጋይ አይገዛም፤ በወርም አይታደልም። በጉ በደሙ ለዋጃቸው ይሰጣል። በየትኛውም ወር ተወለድ፣ ወገኔ፣ ዳግመኛ ከተወለድክ ስምህ እርሱ ጋ ነው።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ዘመናችን በእጅህ ስለሆነ እናመሰግንሃለን። ነገን ስንፈራ ወደ ድንጋይና ወደ ኮከብ የዞርንበትን ልብ ወደ ልጅህ መልስልን። ስማችንን ተሸክሞ በፊትህ ስለሚቆመው ሊቀ ካህን ክብር ለአንተ ይሁን። እኛም የወንድሞቻችንን ስም ተሸክመን በፊትህ እንድንገባ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።